ለቅሬያችን የእንጨት መፍለጫ ልገዛ ነው፤ የቱን ልያዝ?

የጦሳ ሥር ልጅ (ደሴ)

እንደምን አመሻችሁ። ባለፈው ሳምንት ለለቅሶ እንጨት ስንፈልጥ የቅሬያችን ብቸኛ መጥረቢያ ዛቢያው ከአንገቱ ተቀነጠሰ። ብረቱ በሁለት ሰዎች መካከል አልፎ የቆርቆሮውን አጥር መታው። ማንንም አልነካም፤ ድምፁን ግን ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ ሰምተው ብድግ አሉ። በማግስቱ የቅሬው ዳኛ ጠርተውኝ «አንተ ኢንተርኔቱን ታውቅበታለህ፤ ጠይቀህ አንድ የሚረባ መፍለጫ አምጣ» አሉኝ። ይኸው ጠየቅሁ።

ለማታውቁን፣ ቅሬ የምንለው ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ነው። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው፣ መጥረቢያው የጋራ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነን። የምንፈልጠው ከሞላ ጎደል ባሕር ዛፍ ነው። ጉማጅ ጉማጁ በጭነት መኪና ይመጣና ግቢ ውስጥ ተከምሮ ሞት ይጠብቃል። አልፎ አልፎ ሰው የሚሰጠን የጽድና የወይራ ጉቶም አለ።

ሱቅ ያየሁት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አፉ ስስ፣ እጀታው ፕላስቲክ፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሆነ መጥረቢያ ነው። ሁለተኛው አራት ኪሎ የሚሞላ ወፍራም ብረት ሲሆን፣ እጀታው የተበየደበት የውሃ ቧንቧ ነው። ሦስተኛው መንገድ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ ማሠራት ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ሐይቅ ዳር

አራት ኪሎውን። ክብደቱ ራሱ ይፈልጥልሃል፤ ያንተ ሥራ ወደ ላይ ማንሣት ብቻ ነው። የቀረው ወሬ ነው።

ወይራ ዘንግ (ወረኢሉ)

እጀታው ቧንቧ የሆነውን እንዳትነካው። እኔ ገዝቼ አንድ ክረምት አልዘለቅሁበትም። እጀታው አይሰበርም፣ እውነት ነው፤ የሚሰበረው የአንተ ክርን ነው። እንጨት ምቱን ዋጥ ያደርገዋል፤ ቧንቧ ግን እንዳለ ወደ ክንድህ ይመልሰዋል። እኔ አንድ ቀን ፈልጬ ሦስት ቀን ሲኒ ማንሣት አቅቶኝ ነበር። ብየዳውም ቢሆን ከውስጥ ሲሰነጠቅ ከላይ አያስታውቅም፤ አንድ ቀን ብረቱ ሳይነግርህ ይሄዳል። እናንተ ደግሞ ያንን አንድ ጊዜ አይታችሁታል።

ባለ ወናፍ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ማንም ስላልተጎዳ አልሐምዱሊላህ። እኔ ከአባቴ ጋር ወናፍ እየነፋሁ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ፣ የምናገረው ወደ ራሴ ገበያ እንደሚጎትት አስቀድማችሁ እወቁልኝ።

ሰው በአንድ ስም መጥረቢያ እያለ የሚጠራው ሁለት የተለያየ ሥራ ያለው ብረት ነው። መቁረጫው የእንጨቱን ጅማት አቋርጦ የሚሄድ ስለሆነ አፉም ጉንጩም ስስ መሆን አለበት። መፍለጫው ጅማቱን አይቆርጥም፤ በጅማቶቹ መካከል ገብቶ ግራና ቀኝ ይገፋቸዋል። የሚገፋው ደግሞ አፉ ሳይሆን ጉንጩ ነው። ስለዚህ ከአፉ ሁለት ጣት ያህል እንዳለፈ ቶሎ ቶሎ እየወፈረ መሄድ አለበት፣ ልክ እንደ ሽብልቅ። ስስ መቁረጫ ይዛችሁ ጉማጅ ስትመቱ ብረቱ ሰምጦ የሚቀረው ለዚህ ነው። ይገባል፤ የሚገፋበት ጉንጭ ግን የለውም። ከዚያ ለማውጣት ዛቢያው ወደ ላይና ወደ ታች ይወዘወዛል። የእናንተም ከአንገቱ የተቀነጠሰው ስንት ዓመት እንዲህ ሲወዘወዝ ቆይቶ ይመስለኛል።

ወደ ብረቱ ስንመጣ፣ እኛ የምንሠራው ከከባድ መኪና ባሌስትራ ነው፤ አጥፈን እንደርበዋለን። ባሌስትራ በቂ ካርቦን ያለው ብረት ስለሆነ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይጠነክራል። የግንባታ ፌሮ ግን የፈለጋችሁትን ያህል ብትቀጠቅጡት በሦስተኛው ቀን አፉ ይታጠፋል። ይሁን እንጂ ከዘይት የወጣ ብረት ጠንካራም ቢሆን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ አፉን ወልውለን እንደገና በቀስታ እናሞቀዋለን። መጀመሪያ የገለባ ቀለም ያወጣል፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ። ለመፍለጫ ከሆነ ወይን ጠጁ ወደ ሰማያዊ ሊዞር ሲል ነው የምናቆመው። እዚያች ላይ ዓይንህን ከሰበርክ የግማሽ ቀን ሥራ ሄደ። ማጅራቱን ግን አናጠነክረውም፤ የጠነከረ ማጅራት መዶሻ ሲያርፍበት ስባሪው እንደ ጥይት ይፈናጠራል።

ቤት ወስዳችሁ በኤሌክትሪክ መሣያ ስትስሉት አፉ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄደ ማለት ነው። የእጅ ሞረድ ይበቃዋል። መፍለጫ ጸጉር እንዲላጭ አይጠበቅበትም።

ክብደቱን ሁለት ኪሎ ተኩል አሠራ፤ ከዚያ አትለፍ።

ሐይቅ ዳር

ሁለት ኪሎ ተኩል ለልጅ ነው። ባለ ወናፍ ባሌስትራ ሊቆጥብ ፈልጎ ነው እንጂ።

ነጭ ጠመኔ (ወልድያ)

ሐይቅ ዳር፣ ፊዚክስ አስተምራለሁና አንድ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ልውጣ። ምቱ የሚይዘው ጉልበት የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ክብደት አንዴ ይቆጠራል፤ ፍጥነት ግን በራሱ ይባዛል። አራት ኪሎ ብረት በሰከንድ 6 ሜትር ብታወርደው 72 ጁል ነው። ሁለት ኪሎ ተኩሉን በሰከንድ 8 ሜትር ብታወርደው 80 ጁል ነው። ፍጥነቶቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኳቸው፤ ለአንተ ክንድ የተለኩ አይደሉም። ነገር ግን የደከመ ሰው አራት ኪሎ ማንሣት እንጂ ማፍጠን እንደማይችል ለማወቅ ፊዚክስ አያስፈልግም።

ሐይቅ ዳር

መምህር፣ ቁጥሩን ተቀብያለሁ። የወይራ ጉቶ ግን ካሬ አያውቅም። እርስዎ ስምንት ሜትር በሰከንድ ሲሉ እሱ ይስቃል።

የኩታበሯ

ይቅርታ አድርጉልኝና እስካሁን የጻፋችሁት ሁላችሁም ወንዶች ናችሁ መሰለኝ። ለመሆኑ ይህን መፍለጫ የሚያነሣው ማን እንደሆነ የጠየቀ አለ?

የለቅሶ ዕለት ወንዶቹ ሸሚዛቸውን ሰብስበው ይፈልጣሉ፣ እናያለን። ከዚያ በኋላስ? የቅሬ ዕቃ በየቤቱ ይዋሳል። አራስ ያለባት፣ ድግስ ያለባት፣ ልጆቿ ከተማ የገቡባት ሴት ናት የምትወስደው። እኔ ወንድሜ ከደሴ አንድ ትልቅ ብረት ገዝቶልኝ ነበር። እሱ በዓመት ሁለት ቀን ይመጣና ይፈልጥበታል፤ 363ቱን ቀን የምፈልጠው እኔ ነኝ። ብረቱን ከትከሻዬ በላይ ሳነሣው እኔን ወደ ኋላ ይዞኝ ይሄዳል። አሁን በር ማስደገፊያ ሆኗል።

እኔ የምፈልጥበት አንድ ኪሎ ተኩል የምትሆን አሮጌ መጥረቢያ ናት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ጉማጁን ጉቶ ላይ አቆምና ፊቱን አየዋለሁ። የደረቀ እንጨት ፊቱ ላይ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ አይጠፋም፤ እንጨቱ ራሱ በዚህ በኩል ክፈቱኝ ይላል። መጥረቢያዬን እዚያ ስንጥቅ ላይ አሳርፌ በወይራ ቆመጥ ማጅራቷን መታ መታ አደርጋታለሁ። ሲጢጥ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ገብታለች። ከዚያ እንጨቱን ከነመጥረቢያው አንሥቼ ጉቶው ላይ አንዴ ወይም ሁለቴ ማሳረፍ ነው፤ ለሁለት ይከፈታል። ከራሴ በላይ የማነሣው ነገር የለም፣ ስቶ የሚያልፍ ምትም የለም።

ትልቅ ጉማጅ ከሆነ ደግሞ ከመሃል አልነካውም። እንደ ድፎ ዳቦ ከዳር ከዳሩ ቁራሽ እያነሣሁ ወደ ውስጥ እገባለሁ። ወንዶች መሃሉን ካልመቱ የፈለጡ አይመስላቸውም፤ መሃሉ ደግሞ አጥብቆ የሚይዘው ቦታ ነው።

መጠኑም ይለያያል። ለእንጀራ «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ለሚጠቀም ፍልጡ ከሦስት ጣት ባይበልጥ ነው የሚሻለው፤ ቶሎ ነዶ ምጣዱን እኩል ያሞቃል። የለቅሶ ንፍሮ የሚቀቀልበት ትልቅ ድስት ወፍራሙን ይወዳል። ስለዚህ የጦሳ ሥር ልጅ፣ አንድ መፍለጫ ሳይሆን ሁለት ያስፈልጋችኋል፤ አንዷ ቀላል ትሁን።

የጦሳ ሥር ልጅ (ደሴ)

እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ይህን ለዳኛው ሳነብላቸው ባለቤታቸው ከጓዳ «እሰይ!» ሲሉ ሰማሁ። ዳኛው ምንም አላሉም፤ ቡናቸውን ጠጡ።

እንግዳ 7

ዛቢያው ሲላላ ማታ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩት። ጠዋት ጥብቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። ወጪ የለውም።

ባለ ወናፍ (ኮምቦልቻ)

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ውሃ የገባበት እንጨት ያብጣል፤ ብረቱ ግን ቦታ ስለማይሰጠው ጅማቱ እዚያው ቀዳዳው ውስጥ ይጨፈለቃል። ሲደርቅ ከበፊቱ ቀጥኖ ይገኛል። ስለዚህ ዛሬ የጠበቀው ነገ ከትናንቱ የባሰ ይላላል፤ አንተም እንደገና ትነክረዋለህ።

ዛቢያው ሲጀመር ደርቆ ነው መግባት ያለበት። ደሴ ክረምቱ እርጥብ፣ በጋው ደረቅ ስለሆነ ነሐሴ ላይ ከእርጥብ እንጨት የተገጠመ ዛቢያ ጥር ላይ መላላቱ አይቀርም። ከገጠምክ በኋላ የተልባ ዘይት ቀባው፤ ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ እርጥበቱም ቶሎ ቶሎ እንዳይገባና እንዳይወጣ ያደርጋል። ተልባ ደግሞ በኛ አገር ብርቅ አይደለም። የቀባህበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለህ ጥግ ላይ እንዳትጥለው። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ እየሞቀ ሄዶ በራሱ ይቀጣጠላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው።

ወይራ ዘንግ (ወረኢሉ)

ስሜን እዩና አድልቷል በሉኝ፣ ለዛቢያ ከወይራ የሚበልጥ አላየሁም። ወይራ ከጠፋ ክትክታ ጥሩ ነው። ጽድ አይሆንም፤ መልኩ ቢያምርም ይቀነጠሳል።

ባለ ወናፍ (ኮምቦልቻ)

ልክ ነህ፤ ግን በመጋዝ የተሰነጠቀ ወይራ ከሆነ አትግዙ። ከግንድ የተፈለጠውን ፈልጉ። የተፈለጠ እንጨት ጅማቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ መጋዝ ግን ጅማቱ ቢታጠፍም ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ዛቢያ የሚቀነጠሰው እዚያ ጅማቱ ተቋርጦ ወደ ጎን የወጣበት ቦታ ላይ ነው።

የደላንታ ልጅ

እኛ ዘንድ ማገዶው አብዛኛው ኩበት ስለሆነ እንጨት የምንፈልጠው እንደ ሥጋ ቆጥበን ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ልበል፤ የእናንተ ችግር መጥረቢያው ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን ጽሑፍ መልሳችሁ አንብቡ። «ተከምሮ ሞት ይጠብቃል» ይላል።

ባሕር ዛፍ እርጥቡን ነው የሚፈለጠው። በተቆረጠ በሳምንቱ ብትመታው እንደ ሸንኮራ አገዳ ይከፈታል። ስድስት ወር ከተከመረ በኋላ እንደ ቀንድ ይሆናል። ጅማቱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ስለሆነ ሲደርቅ እርስ በርሱ ይቆላለፋል። እናንተ ከነልጡ ታደርቁትና ለቅሶ ሲመጣ፣ ሌሊት፣ በጥድፊያ፣ በፋኖስ ትደበድቡታላችሁ። መጥረቢያ የሚሰበረው፣ ሰውም የሚጎዳው ያን ጊዜ ነው።

እንጨቱ የመጣ ዕለት ወይም በሳምንቱ ሁሉንም ፍለጡት። የተፈለጠ እንጨት ነፋስ የሚያገኘው ገላ ስለሚበዛ ካልተፈለጠው ቶሎ ይደርቃል። እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ሊሆን ይችላል። ያን ውሃ ካላደረቃችሁት እሳቱ ድስቱን ትቶ እሱን ሲያፈላ ያድራል፤ የሚተርፋችሁ ጭስ ነው። ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ደርድሩት፤ ከላይ ቆርቆሮ ይልበስ፣ ጎኑ ክፍት ይሁን። ጎኑን በላስቲክ ከሸፈናችሁት ሻግቶ ታገኙታላችሁ።

ጉጥ ያለበትን ጉማጅ ከጉጡ ጎን ምቱት፤ በጉጡ ላይ አትምጡ። እምቢ ካለ ተዉት። ለሽብልቅ ነው።

ከመርሳ ሩቅ (ፊንላንድ)

መርሳ ተወልጄ ፊንላንድ እየኖርኩ እንጨት መፍለጥ የተማርኩት እዚህ ነው ብል ትስቃላችሁ። እዚህ ሳውና የሌለው ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ገጠር ያለው ሳውና ደግሞ የሚሞቀው በእንጨት ነው። ፊስካርስ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1649 ጀምሮ ያለ የአገሩ ድርጅት የሚሠራው ኤክስ 27 የሚባል መፍለጫ አለኝ። እጀታው 91 ሴንቲሜትር ነው፤ ሁሉም ተደምሮ ከሁለት ኪሎ ተኩል እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ክብደቱ እዚህም ባለ ወናፍ ካለው አያልፍም።

ግን አትሞኙ፤ እዚህ የምንፈልጠው በርች የሚባል ዛፍ ነው። ጅማቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ውርጭ ሲመታው በአንድ ምት ለሁለት ይሄዳል። የእኛን ባሕር ዛፍ ቢያገኙት ኖሮ ማስታወቂያቸውን እንደገና ይጽፉት ነበር።

ከዚህ የምልክላችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አጭር እጀታ ለጀማሪ ይቀላል ብላችሁ እንዳታስቡ። ረጅም እጀታ ምቱ ሲስት መሬት ወይም ጉቶ ላይ ያርፋል፤ አጭሩ ግን ወደ ቅልጥም ይመጣል። ሁለተኛ፣ አሮጌ የመኪና ጎማ ጉቶው ላይ ቸንክሩና ጉማጁን ጎማው ውስጥ አቁሙት። ፍልጡ አይበታተንም፤ በየምቱ ጎንበስ ብሎ መልቀም ይቀራል። ወገቤን ያተረፈልኝ እሱ ነው።

እንግዳ 7

ጎማ ካገኘን በርባሶ እንሠራበታለን እንጂ!

የኩታበሯ

የጎማው ነገር ደስ ብሎኛል። ጉቶው ግን ከጉልበት በታች ይሁን። ከፍ ካለ ጎማውም አያድንም።

ሐይቅ ዳር

እሺ፣ ለተራው ባሕር ዛፍ ተሸንፌያለሁ። ለጉጣሙ ግን ምን ልትሉ ነው? እኔ አራት ኪሎውን የያዝኩት ለእሱ ነው።

ባለ ወናፍ (ኮምቦልቻ)

ለጉጣሙ ሁለት የብረት ሽብልቅና አንድ ከባድ መዶሻ። አንዱን ከዳር ትተክለዋለህ፤ ስንጥቁ ሲከፈት ሁለተኛውን ፊት ለፊት አስገብተህ የመጀመሪያውን ነፃ ታወጣለህ። አንድ ሽብልቅ ብቻ ያለው ሰው ሽብልቁን እንጨት ውስጥ ቀብሮ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። የሽብልቁ ራስ በመዶሻ ብዛት እንደ እንጉዳይ ጃንጥላ ሲያወጣ ጠርዙን በሞረድ አንሡለት፤ የሚፈናጠረው እሱ ነው። መጥረቢያን በመጥረቢያ ማጅራት አትምቱ። መነጽር አድርጉ። የአባቴ ግራ ዓይን የጠፋው በሽብልቅ ስባሪ ነው፤ ስለዚህ ይህን ስል ነገር ለማብዛት አይደለም።

ሐይቅ ዳር

አላህ ያጽናቸው። መነጽሩን እገዛለሁ።

የጦሳ ሥር ልጅ (ደሴ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ባለ ወናፍ ዘንድ ሄድኩ። ስንተያይ ሁለታችንም ሳቅን፤ በጽሑፉ ሽማግሌ አድርጌ ስዬው ነበር፣ እኩያዬ ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል መፍለጫና ሁለት ሽብልቅ ሠራልኝ። አፉ ቀለም ሲለውጥ ቆሜ አየሁ፤ ገለባው ወደ ወይን ጠጅ የዞረው «ዓይንህን ከሰበርክ» እንዳለው ነው፣ ስሜን ጠርቶ እስኪጨርስ አልቆየም። ለቀላሏ መጥረቢያ ሱቅ ያየሁትን ትቼ፣ የተቀነጠሰውን አሮጌ ብረት ወስጄለት አዲስ የወይራ ዛቢያ አስገባሁለት። አራት ኪሎው ሱቁ ውስጥ ቀርቷል።

እሑድ የቅሬው ወጣቶች ተሰብስበን አዲስ የመጣውን ጭነት በሙሉ እርጥቡን ፈለጥን። ስምንት ሰው፣ ግማሽ ቀን። ካቻምና ያንኑ ያህል ለመፍለጥ ሁለት ቀን ፈጅቶብን ነበር። ጎማ አንድ ሾፌር ሰጠን። ዳኛውም ሞክረዋል፤ ሦስት ምት መትተው በአራተኛው «አሁን ገባኝ» ብለው ለሌላ ሰጡ፤ ምን እንደገባቸው አልጠየቅናቸውም። ቀላሏን መጥረቢያ በማግስቱ ባለቤታቸው ተውሰዋታል፤ እስካሁን አልመለሷትም።

ያልተፈለጠ አንድ ነገር አለ። ካቻምና አንድ ሰው የሰጠን የጽድ ጉቶ፣ አምስት ቦታ ጉጥ ያለበት። ሁለቱንም ሽብልቅ ከእነራሳቸው ዋጠና ሁለቱን በመጋዝ ቆፍረን ነው ያወጣናቸው። አሁን ግቢው ውስጥ ወንበር ሆኗል።

ሐይቅ ዳር

አራት ኪሎዬን ይዤ ልምጣ?

የጦሳ ሥር ልጅ (ደሴ)

ቅዳሜ ና። መነጽርህን እንዳትረሳ፤ ቡና አለ።